ሐስቄል ቀድሞን ከደረሰ

የካቲት 8፣ ባግዳድ

የልብስ አጠባ ቀን። ውሃው በረዶ ነው፣ እጄ ቀልቶ በርበሬ መስሏል። ሻውል ዛሬም ከመድኃኒት ቤቱ በጊዜ መጣ። "ሥራ የለም" አለ። ሥራማ አለ... ለአይሁድ ነው የሌለው። ባሌን በዚህ ነገር አልነካካውም። ሻይ ሰጥቼው ወደ ገንዳዬ ተመለስኩ።

ኻቱን በጣሪያው አጥር ላይ አንገቷን አውጥታ የቀኑን ወሬ አወረደችው። ይቺ ጎረቤቴ ጋዜጣ አትገዛም፣ ራሷ ጋዜጣ ናት። ወርቅ አንጥረኛው ከነልጆቹ ወደ እስራኤል ሊሄድ ተመዘገበ። የዓሣ ነጋዴው ልጅ እጮኛዋን ልትሸሽ ተመዘገበች፤ እጮኛዋ ይህን ሲሰማ እሱም ተመዘገበ። ምኩራቡ ውስጥ ለመመዝገብ የቆመው ሰልፍ ዳቦ ቤቱ ድረስ ደርሷል።

"እናንተስ ምን ትጠብቃላችሁ?" አለችኝ። "መሲሑ ቤታችሁ ድረስ መጥቶ ሻንጣ እንዲሸከምላችሁ ነው?"

ሳቅሁ። ምን ልበላት? የምንጠብቀው እማዬን ነው። እማዬ ደግሞ የምትጠብቀው...

ልጻፈው እንጂ፣ ማን ያየኛል። ወንድሜን ነው የምትጠብቀው። የሞተውን።

የካቲት 11

ቀኑ እየሮጠ ነው። መንግሥት አገር ለቆ መሄድ ለሚፈልግ አይሁዳዊ የከፈተው ምዝገባ የካቲት ሲያልቅ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ የተመዘገበ ሄደ፣ ያልተመዘገበ ቀረ።

ትናንት በሰንበት ምሳ ላይ ነገሩ ፈረጠ። ዶሮና ሩዙ ሌሊቱን ከሰል ላይ አድሮ ሽታው እስከ መንገድ ወጥቷል፤ የበላው ግን የለም። ሻውል ቀስ ብሎ ጀመረ።

"ኡም ሐስቄል፣ ሰኞ ሁላችንም አብረን ሄደን ብንመዘገብስ?"

(ሰው ሁሉ ኡም ሐስቄል ነው የሚላት፤ የሐስቄል እናት። እኔ ቀድሜ ብወለድም እናት የምትጠራው በወንድ ልጇ ነው። ሞቶም ቢሆን።)

"እናንተ ሂዱ" አለች እማዬ። "እኔ እዚህ ሰው አለኝ።"

"ብቻዎን ሊቀሩ?"

"ምን ብቻዬን። ጉብታው ሙሉ ሰው አይደለም እንዴ።"

ጉብታው... የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ በበዓለ ሃምሳ፣ ከተማው በእኛ ላይ በተነሳ ጊዜ የሞቱት በአንድ ላይ የተቀበሩበት። ሐስቄል ከጓደኛው ቤት ሲመለስ ነው የቀረው። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። ሬሳውን ለይቶ ያየ የለም። ጉድጓዱ አንድ፣ ሰዉ ብዙ። እማዬ ማክሰኞ ማክሰኞ ትሄዳለች። ላልቅስ አትልም። "ልጠይቀው" ነው የምትለው፣ ሆስፒታል እንደተኛ ሰው።

"ነቢዩ ምን አለ?" አለችው ሻውልን፣ ማንኪያዋን ወደሱ ቀስራ። "ልጄ ስሙን የወረሰው ነቢይ፣ መቃብራችሁን ከፍቼ አወጣችኋለሁ፣ ወደ አገራችሁም አገባችኋለሁ ብሎ ተናግሯል አልተናገረም?"

"ተናግሯል።"

"እሺ። ሲወጣ ማን ይቀበለዋል? ያ ሁሉ አጥንት እኮ ተደበላልቋል። የሱን ከሰው ለይቶ ማን ይሰጠዋል? እናቱ ካልለየችለት በሌላ ሰው እግር ሊሄድ ነው?"

ልጃችን ቫዮሌት፣ "አያቴ፣ አጥንት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም እንዴ?" አለቻት።

"ለማያውቀው ነው አንድ ዓይነት" አለች እማዬ። ሩዟንም አልነካችው።

የካቲት 13

ማክሰኞ። አብሬያት ሄድኩ። ጉብታው ላይ ሣር በቅሏል። ተቀምጣ የሰፈሩን ወሬ ነገረችው፤ ማን እንደተመዘገበ፣ ሽንኩርት እንደተወደደ። ስለ እኔ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የነገረችው። "እህትህ ልትሄድ ነው፣ አትቀየማት።"

ምነው ባልሰማሁ።

የካቲት 16

ሻውል ቁርጥ አድርጎ ተናገረ። እሷ ባትመዘገብም እኛ እንመዘገባለን። ለልጅቷ ሲል። ልክ ነው። ልክ መሆኑን ሳውቅ ለምንድን ነው የጠላሁት?

እናቴን ጥዬ? አሮጊት ብቻዋን፣ ሰፈሩ ሁሉ ባዶ ሆኖ፣ ከጉብታ ጋር እያወራች...

ኻቱን ናት መላውን ያመጣችው። "ነቢዩ ዘንድ ውሰጂያት" አለችኝ። "በሱ ቃል አይደል የታሰረችው? ያሰረ ይፍታት።"

የካቲት 20

ትናንት ሄደን ዛሬ ተመለስን። ነቢዩ ሕዝቅኤል፣ እኛ ሐስቄል የምንለው፣ የተቀበረበት ኪፍል። ልጅ ሆነን በበዓለ ሃምሳ ስንሄድ መተኛ አይገኝም ነበር፤ ሰው በሰው ላይ፣ ከበሮው፣ የጥብሱ ጭስ፣ ሴቶቹ ለነቢዩ እልል ሲሉ። አሁን ግቢው ባዶ። ተምር ዛፍና ርግብ ብቻ።

የመቃብሩ ጠባቂ ሽማግሌው ዮና በሩን ከፈተልን። እማዬ ገባች፣ መቃብሩን የሸፈነውን ጨርቅ ሳመች። የምትለምን መስሎኝ ነበር። ተቆጣችው እንጂ።

"እኔ የሞክሼህ እናት ነኝ። ስምህን ሰጥቼዋለሁ። ወይ አስነሳልኝ፣ ወይ ልሂድበት ፈቃድ ስጠኝ። አንዱን። እንዲህ በመሀል አታቁመኝ።"

ቆመን ጠበቅን። ርግቦቹ ጣሪያው ላይ ይንጎራደዳሉ። ምንም።

ዮና አዘነላት መሰለኝ። "ኡም ሐስቄል፣ ከሱ መልስ አትጠብቂ" አላት። "ትመለሳላችሁ ብሎ ለሰው ሁሉ ተናግሮ፣ ራሱ እዚሁ የቀረ ሰው እኮ ነው።"

"አንተስ ትቀራለህ አብረኸው?"

ሽማግሌው መሬት መሬት አየ። "እኔማ... ባለፈው ሳምንት ተመዘገብኩ።"

"መብራቱንስ ማን ያበራለታል?"

"ጎረቤቶቹ እስላሞች ይወዱታል። አይጨልምበትም።"

እማዬ ጨርቁን ደግማ ሳመች። ስትወጣ ግን በሩን ይዛ ትንሽ ቆመች።

አውቶቡስ ውስጥ ነው እኔ ያንን ያልኩት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። በመስኮቱ አቧራውን እያየሁ፣

"እማዬ፣ ሙታን ሲነሱ፣ ከአገር ውጭ የተቀበረ ሰው እንዴት ነው ወደ እስራኤል ምድር የሚሄደው?" አልኳት።

"በምድር ሥር ነዋ። እየተንከባለለ። ይህንን ሕፃን ያውቀዋል።"

"የሚነሳውስ የት ነው?"

"እዚያ..."

ጠበቅኳት። ራሷ እንድትደርስበት። አልደረሰችበትም፤ ወይም ደርሳበት ፈራች። ጨረስኩት።

"አንቺ ጉብታው ጋ ተቀምጠሽ እሱ እዚያ ቢወጣስ? ሐስቄል ቀድሞን ከደረሰ ማን አለው? ቋንቋውን አያውቅ፣ ሰው አያውቅ።"

ዞራ አየችኝ። እንዲህ አድርጋ አይታኝ አታውቅም።

ያልኩትን አምንበታለሁ? አይ። ሙት ሙት ነው። ይኸው ጻፍኩት።

የካቲት 27

ተመዘገብን። ሁላችንም።

እማዬ ቀድማን ተነስታ፣ ጥቁር መጎናጸፊያዋን ለብሳ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ሰልፉ ላይ ሰው ሲጋፋት፣ "እኔን አሳልፉኝ፣ የምቀበለው እንግዳ አለብኝ" ትላለች። ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ከዚያ ጉብታው ጋ ሄደች። "እዚያ እንገናኝ" አለችው፣ ልክ ገበያ እንደሚቀጣጠር ሰው። ለቅሶ የለ፣ ስንብት የለ። ተደስታለች። እናቴ ከስንት ዘመን በኋላ ተደሰተች... እኔ ነኝ ያስደሰትኳት። በምን እንዳስደሰትኳት ግን አውቃለሁ።

መጋቢት 2

ምዝገባው ተዘጋ። በማግስቱ የተመዘገብነውን ሰዎች ንብረት መንግሥት አገደው። ቤቱም፣ ሱቁም፣ ሁሉም። ኻቱን ጣሪያዋ ላይ ተቀምጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬ አጣች።

ሻውል፣ "እንግዲህ ሐሳብ መለወጥ ቀረ" አለ።

እማዬ፣ "ማን ሊለውጥ?" አለችው። ለሐስቄል ካልሲ እየሠራች ነው።

ግንቦት 19

ነገ እንበርራለን። የበዓለ ሃምሳ ዋዜማ ሳይደርስ። እማዬ ቅር ይላታል ብዬ ነበር። "ጥሩ ነው፣ እንቀድመዋለን" አለች።

እስላሟ ጎረቤታችን ኡም ጃሲም ልትሰናበተን መጣች። ያን ጊዜ ከተማው ሲነድ እኔንና እማዬን ጓዳዋ ደብቃ፣ በሩ ላይ ተቀምጣ ያዳነችን። ሁለቱ አሮጊቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሻይ ጠጡ።

"እኅቴ፣ አታስቢ" አለቻት ኡም ጃሲም። "ማክሰኞ ማክሰኞ እኔ ሄጄ አየዋለሁ።"

"አደራ እንዳትሄጂ።"

"ለምን?"

"ሰው ሲመጣበት ያለሁ ይመስለዋል። እንዳይዘናጋ፣ መንገዱን ይሂድ።"

ኡም ጃሲም እኔን አየችኝ። እኔ ብርጭቆ ላጥብ ወጣሁ።

ግንቦት 26፣ እስራኤል፣ ድንኳን መንደር

እስከ ዛሬ ለመጻፍ ጉልበት አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ድንኳን። አቧራ። ለጠቅላላው ረድፍ አንድ የውሃ ቧንቧ። ጥቁር ዳቦና ጨዋማ ወይራ። ኻቱን ከእኛ ቀድማ መጥታ ሦስት ድንኳን አልፋ ነው ያለችው። ስታየኝ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "እንኳን ወደ ቤትሽ በደህና መጣሽ፣ ወንበር የለኝም እንጂ ተቀመጪ እልሽ ነበር።" ሁለታችንም ሳቅን፣ ከዚያ እሷ አለቀሰች።

የመዝጋቢው ጠረጴዛ ጋ እማዬ ጥያቄ አላት። አስተርጓሚው የእኛ አገር ልጅ ነው።

"በምድር ሥር የሚመጡት የት ነው የሚወጡት? በሉ አሳዩኝ።"

ልጁ አልተረጎመውም። እኔን አየኝ፣ ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ፣ "እናቴ፣ እዚህ ያሉት በአየር የመጡት ናቸው" አላት።

"እሱንማ አያለሁ። ሌሎቹን ነው የጠየቅኩህ።"

"ገና ናቸው።"

"ገና ናቸው" ስትባል ፊቷ በራ። ይህ ልጅ ምን ያድርግ? እኔስ ማን ነኝ እሱን ልወቅስ?

ሐምሌ 10

አዲስ መጤ የጫነ መኪና በመጣ ቁጥር እማዬ የድንኳን መንደሩ በር ላይ ናት። ወጣት ወንድ ካየች ጠጋ ብላ ፊቱን ታየዋለች። አንዳንዱ ይሸሻል። አንዱ እጇን ሳማት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ኻቱን ባለፈው፣ "ሕያዋኑ መተኛ አጥተን ኡም ሐስቄል ለሙታን ቦታ ትይዛለች" አለች፣ ቧንቧው ጋ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ባልዲውን ልደፋባት ምንም አልቀረኝም። ማታ ግን ሽንኩርት ይዛ መጣች። ይቅርታ ማለቷ ነው።

ቫዮሌት አያቷን ጠየቀቻት፤ አጎቷ ሲመጣ ስንት ዓመቱ ይሆናል? ሀያ ስምንት ወይስ አሥራ ስምንት?

"እንደሄደ ነው የሚመጣው" አለች እማዬ። "መቃብር ውስጥ ማን ያረጃል።"

እዚህ ግን ሁሉም እያረጀ ነው። ሻውል መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ይሸከማል። መድኃኒት ሲቀምም የኖረ እጅ።

ነሐሴ 21

ዛሬ ሐካም ሳልሕን ልገለው ነበር። የኛው የሃይማኖት አባት፣ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ምኩራብ የከፈተልን። እማዬ ጠየቀችው፤ ሙታን የሚነሱበት ቦታ የት ነው? እሱም አፉን ሞልቶ፣ ደብረ ዘይት ተራራ ላይ ነው፣ ኢየሩሳሌም አጠገብ፣ ከዚያ ይጀምራል ብሎ ነገራት።

እሷ ስትወጣ ያዝኩት።

"ምን ነካህ ሐካም? አሁን እዚያ ካልሄድኩ ትላለች።"

"ናዚማ ልጄ፣ መጽሐፉ የሚለውን ነው የነገርኳት።"

"ትሂድ እንዴ?"

ጢሙን ዳበሰ። "መሄዱስ... ተራራው በዮርዳኖስ መንግሥት እጅ ነው። ከጦርነቱ ወዲህ የኛ ሰው አይረግጠውም። በሽቦ ታጥሯል።"

"ይህንን ለምን አልነገርካትም?"

"አንቺስ?" አለኝ። "አንቺ ምንድን ነው ያልነገርሻት?"

ያውቃል እንዴ? ከየት? ወይስ ፊቴ ላይ ተጽፏል?

ጥቅምት 29

ዝናብ። ድንኳኑ በእኛ ላይ ወደቀ። ፍራሹ ረጠበ፣ የቫዮሌት ሳል አልለቅ አለ። ሻውል በጭቃው ውስጥ ካስማ ሲተክል ሲወድቅ ሲነሳ...

እማዬ የሐስቄልን ካልሲ ደረቷ ውስጥ ወትፋ ከዝናብ አተረፈችው። ከዚያ፣ እዚያው ዝናቡ ውስጥ፣ "ነገ ደብረ ዘይት ውሰጂኝ" አለችኝ።

ደክሞኝ ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም። ነገርኳት። ተራራው ከወዲያ ማዶ ነው፣ በሌላ መንግሥት እጅ ነው፣ የሚያልፍ ሰው ይተኮስበታል።

መጀመሪያ ያልገባት መሰለኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣

"ወደኋላስ? ባግዳድስ?"

"ዜግነታችንን እኮ ትተን ነው የወጣነው። አያስገቡንም እማዬ።"

"እዚያም አይደለሁ፣ እዚህም አይደለሁ" አለች። "ያኔ ጉብታው ነበረኝ። ናዚማ፣ ጉብታው እኮ ነበረኝ።"

"እማዬ..."

"አንቺ ነሽ ሐስቄል ቀድሞ ከደረሰ ያልሽኝ።"

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 6

አታናግረኝም። ቫዮሌትን ታናግራታለች። ሻውልን ታናግረዋለች። ለእኔ ሳህን ትሰጠኛለች፣ ቃል የለም።

ኅዳር 18

ትናንት ኢየሩሳሌም ወሰድኳት። ሻውል ነው ውሰጃት ያለው። "ማለፍ ባትችል እንኳ ትየው" አለኝ።

ጽዮን ተራራ ላይ ወጣን። ነፋሱ ብርቱ ነው። ከዚያ ወዲያ ሽቦ። አንድ ወጣት ወታደር ቆሟል፤ አነጋገሩን ስሰማው የሞሱል ልጅ ነው። የአገሬን ድምፅ ስሰማ ወደሱ ተጠጋሁ።

"እማማ፣ ከዚህ አይታለፍም" አላት።

"ማለፍ ማን ፈለገ። የቱ ነው ደብረ ዘይት?"

"ያውልሽ፣ ከፊት ለፊት።"

እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ አየች። ረጅም ጊዜ።

"ያ ነጭ ነጩ ምንድን ነው?"

"መቃብር ነው። የኛ ሰዎች። ዱሮ ከየአገሩ እየመጡ እዚያ ይቀበሩ ነበር፣ ሙታን ሲነሱ ቀድመን እንነሳለን ብለው።"

"ብዙ ዘመን የሆነው አለ?"

"ኧረ እማማ፣ ሺህ ዓመት ያለፈውም አለ።"

"እና አልተነሱም።"

ወታደሩ እርዳታ ፈልጎ እኔን አየ። እኔ ሽቦውን አየሁ።

"እስካሁን አልተነሱም" አላት።

ነፋሱ መጎናጸፊያዋን ሲያርገፈግፈው አልያዘችውም።

"እዚያው ደጃፉ ላይ ተኝተው እነሱ ካልተነሱ" አለች፣ ለማንም አይደለም የተናገረችው፣ "የኔ ልጅ ከባግዳድ መቼ ሊደርስ ነው።"

ወታደሩ ከኮቱ ኪስ ብርቱካን አውጥቶ ሰጣት። ተቀበለችው። "እናት አለህ?" አለችው። አለችኝ አላት። "ሂድና እያት" አለችው።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ተኛች፣ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ። ሐስቄል ከቀረ ወዲህ እናቴ ቀን ላይ ስትተኛ አይቻት አላውቅም። እኔን የታረቀችኝ መሰለኝ። አልነበረም። ሌላ ነገር ነው የሆነው። ምን እንደሆነ ግን ስም የለኝም።

ታኅሣሥ 2

መኪና መጣ። እማዬ በሩ ጋ አልሄደችም።

ታኅሣሥ 11

ካልሲውን ለሻውል ሰጠችው። "እግርህ ይረጥባል፣ አድርገው" አለችው። ሻውል ወጥቶ ከድንኳኑ ኋላ ቆሞ ሳየው ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አላደረገውም። የት እንዳስቀመጠው አልጠየቅሁትም።

የካቲት 9

ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ ታናግረኛለች። ስለ ቧንቧው፣ ስለ ዘይቱ፣ ስለ ቫዮሌት ፀጉር። ስለሱ አንድም ቃል። ማክሰኞ ሲደርስም አታስተውልም።

ዛሬ ነርሷ ድንኳን ለድንኳን እየዞረች የጤና ምዝገባ ታደርግ ነበር። እማዬ ጋ ደረሰች።

"ስም?"

"ቱፋሓ።"

"ልጆች?"

"አንዲት" አለች እማዬ። "ይቺ።"

ነርሷ ጽፋ ወደ ቀጣዩ አለፈች። እኔ በቆምኩበት ቀረሁ። እኮ፣ ይህንን ቃል አልነበር የምመኘው? ልጄ ሞቷል ብላ እንድታርፍ፣ ከዚያ ጉብታ እንድትላቀቅ... ስንት ዓመት ተመኘሁት። አሁን ስሰማው በገዛ እጄ የቀበርኩት መሰለኝ። ያኔ እንኳ አፈር ያለበሱት ሌሎች ነበሩ።

እውነቱን መናገር አለብኝ ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። "እማዬ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ያልኩሽን እኔ አላምንበትም ነበር።"

"አውቃለሁ" አለችኝ።

"ያኔ ነው ያወቅሽው?"

"አንቺ ስትዋሺ ወደ መስኮት ነው የምታዪው፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ።"

"ታዲያ ለምን መጣሽ?"

"ቢሆንስ ብዬ ነዋ" አለች። "አንቺ ባታምኚበትም ነገሩ እውነት ቢሆንስ ብዬ።"

ሚያዝያ 5

ትናንት የፋሲካው ሰንበት ነበር። የደረቁት አጥንቶች ራእይ የሚነበብበት። በሰንበት ስለማይጻፍ ዛሬ ልጻፈው።

በባግዳድ ዘመን እማዬ ለዚህ ንባብ ከሴቶቹ ሁሉ ቀድማ ሄዳ ፊት ለፊት ነበር የምትቀመጠው። ትናንት፣ "ራሴን ያመኛል፣ አንቺ ሂጂ" አለችኝ። አላመማትም።

ብቻዬን ሄድኩ። ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ በአንሶላ ከወንዶቹ ተከልለን ሴቶቹ ቆመናል። ኻቱን አጠገቤ ናት፣ ለአንዴም ቢሆን ዝም ብላለች። ሐካም ሳልሕ ማንበብ ጀመረ። ሸለቆው፣ አጥንቶቹ፣ አጥንት ከአጥንቱ ጋር ሲገጣጠም... ስንት ጊዜ የሰማሁት ነገር ነው። በፊት ሐሳቤ ምድጃ ላይ ከተውኩት ድስት ጋር ነበር የሚሄደው። ትናንት ግን አንድም ቃል አላመለጠኝም። አንድ ነገር እየፈለግሁ ነበር። ቀኑን። መቼ እንደሆነ የሚል ቃል። በየት በኩል እንደሚመጡ። ሁሉም አለ፣ ሥጋው፣ ጅማቱ፣ ነፋሱ፣ መቃብሩ። ቀን ግን የለም።

ስመለስ እማዬ ድንኳኑ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች።

"አነበበው?"

"አነበበው።"

"ያው ነው?"

"ያው ነው።"

"ደህና" አለች። ሌላ አልጠየቀችም። ስለ ምሳ አወራን።

ዛሬ ጠዋት መኪና መጣ። ሰዎቹ ከፋርስ ናቸው፣ ከእኛ አገር እንኳ አይደሉም። እማዬ ለፋሲካ የምናበስለውን ሩዝ ስንዴ ወይም ገብስ እንዳይኖርበት ፍሬ በፍሬ እየለቀመች ነበር፤ የመኪናውን ድምፅ ስትሰማ ቀና አላለችም። እኔ ባልዲ ይዤ ወደ ቧንቧው እየሄድኩ ነበር።

ባልዲውን መሬት አስቀመጥኩት። ወደ በሩ ሄድኩ። ሰዎቹ አንድ በአንድ ሲወርዱ የወጣቶቹን ፊት አየሁ። ጠጋ ብዬ ነው ያየሁት። አንዱ አፍሮ ዞር አለ። ሌላው በተሰባበረ ዓረብኛ፣ "እትዬ፣ ሰው ጠፍቶሽ ነው?" አለኝ።

"አይ፣ ዝም ብዬ ነው" አልኩት።

መኪናው ባዶ እስኪሆን ቆምኩ። ሾፌሩ ወርዶ የኋላውን በር ዘጋ። እኔ ገና ቆሜያለሁ።